ውኃ ለአጥማጁ፦ ከሳፔሎ ደሴት እስከ ጣና ዳር

በእኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ የመሬት ነገር ሲነሳ ክርክሩ ሁልጊዜ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንደኛው ወገን መሬት የግል ይሁን፣ ገበሬው እንዳሻው ይሽጠው ይለውጠው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ መሬት የመንግሥት ካልሆነ ገበሬው በባለገንዘብ ተነቅሎ ከተማ ዳር ይወድቃል ይላል። ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡ ስድሳ ዓመት አለፈ፤ ክርክሩ ግን አሁንም እዚያው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ከክርክሩ ውጭ የተተወ አንድ ሰው ወደ መድረኩ ላቅርብ። እርሱም ከውኃ ዳር የሚኖረው፣ ግማሽ ኑሮው መረብ ግማሽ ኑሮው ማሳ የሆነው ሰው ነው። ለዚህም ሁለት ማኅበረሰቦችን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። አንደኛው እኛ አትላንታ የምንኖር ሰዎች በመኪና አምስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የምንደርስበት፣ በጆርጂያ የአትላንቲክ ዳርቻ ያለው የሳፔሎ ደሴት ሕዝብ ነው። ሁለተኛው የጣና ዳሩ ነገደ ወይጦ ነው። አንዱ መሬት በግል በሚያዝበት አገር፣ ሌላው መሬት የመንግሥት በሆነበት አገር ይኖራል። ሁለቱም ግን ከውኃው ዳር ተገፍተዋል። ለምን? (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊቺዎች እነማን ናቸው?

ከሰሜን ካሮላይና እስከ ሰሜን ፍሎሪዳ በተዘረጋው የባሕር ዳርቻና በደሴቶቹ ላይ የሚኖሩት የአፍሪካ ባሮች ዝርያዎች ጉላ ጊቺ ይባላሉ፤ በጆርጂያ በኩል ያሉት ራሳቸውን ጊቺ ብለው ይጠራሉ። የጆርጂያ ቅኝ ግዛት በ1733 ሲቆረቆር ባርነት አልነበረበትም፤ እንዲያውም በ1735 ተከልክሎ ነበር። ክልከላው ከ1751 ጀምሮ ሲነሳ ግን የካሮላይና የሩዝ ባለጸጎች ባሮቻቸውን እየነዱ ወደ ደቡብ ወረዱ። የሚፈልጉት ጉልበት ብቻ አልነበረም። ከሴኔጋልና ከጋምቢያ አንሥቶ እስከ ሴራሊዮን ያለው የምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ለብዙ መቶ ዓመታት ሩዝ ሲዘራበት የኖረ አገር ነው፤ ከዚያ የተጋዘው ሰው ረግረግን በክትር ከፍሎ፣ ጨው ውኃን ከጣፋጭ ውኃ ለይቶ ሩዝ ማብቀልን ያውቃል። ጁዲት ካርኒ የተባሉት ምሁር በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስረዱትም ይህንኑ ነው፤ በመርከብ የተጫነው ባሪያ ብቻ ሳይሆን ዕውቀትም ነበር።

የአሠራሩን ብልሃት እንመልከት። በጆርጂያ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 እስከ 3 ሜትር ይደርሳል። ባሕሩ ሲሞላ ወደ እርሱ የሚፈሰውን ወንዝ ወደ ኋላ ይገፋዋል። የወንዙ ጣፋጭ ውኃ ከላይ፣ ከባዱ የባሕር ጨው ውኃ ከሥር ይሆናል። ገበሬው በወንዙ ዳር ክትር ሠርቶ በክትሩ ላይ የእንጨት መዝጊያ ያለው የውኃ በር ያበጃል። ውኃው ሲሞላ በሩን ከፍቶ ጣፋጩን ያስገባል፤ ሲጎድል ከፍቶ ያፈስሳል። ጊዜውን ከሳተ ጨው ገብቶ የዓመቱን አዝመራ ያቃጥላል። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በእንጨት ሙቀጫና በዘነዘና ይወቀጥና ከሣር በተሰፋ ሰፊ ሰፌድ ይበጠራል። ይህ ሰፌድ እንደ እናቶቻችን ሰፌድ ከመሐል ጀምሮ እየተጠመጠመ፣ በየዙሩ እየተወጋ የሚሰፋ ነው። በደሴቶቹ ዛሬም የሚሰፉ አሉ።

ሥራው በዕለት ድርሻ የተመደበ ነበር። አንድ ባሪያ ብዙውን ጊዜ የአንድ ሄክታር አንድ አሥረኛ የሚያህል መሬት ይለካለትና ያንን ሲጨርስ የቀረው ሰዓት የራሱ ይሆናል። ይህ ነገር ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ የጊቺን ባህል የወለደው እርሱ ነው። በዚያች በተረፈች ሰዓት ሰዎቹ የጓሮ አትክልት ተከሉ፣ ዶሮና አሳማ አረቡ፣ መረብ ሠርተው ዓሣ አጠመዱ። ባሪያ ሆነው ሳሉ ከፊል ገበሬና ከፊል አጥማጅ ሆኑ ማለት ነው።

መረብና ማሳ

የጊቺ አጥማጅ ዋና መሣሪያው በእጅ የሚወረወረው ክብ መረብ ነው። ክሩ በእንጨት መርፌ ቋጠሮ በቋጠሮ ይሠራል፤ ዳር ዳሩን እርሳስ ይታሰርበታል። አጥማጁ መረቡን በክንዱና በትከሻው ሰብስቦ፣ አንዱን ጠርዝ በጥርሱ ነክሶ ሲወረውረው እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ውኃው ላይ ያርፋል፤ እርሳሱ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ገመዱ ሲሳብ አፉ ይዘጋል። በዚህ መረብ ሙሌት የሚባለውን ዓሣና ሽሪምፕ ይይዙበታል። ሸርጣን በገመድ ጫፍ በታሰረ ሥጋ ተስቦ ይወጣል። ዛጎል ለበሱ ኦይስተር ደግሞ ውኃው ሲጎድል ከጭቃው ላይ ይለቀማል። በማሳው ስኳር ድንች፣ ሸንኮራ አገዳ፣ በቆሎና በስማቸው የሚጠራው ቀይ አተር ይበቅላል።

የዚህ ኑሮ ምሥጢር መረቡና ማሳው መደጋገፋቸው ነው። አዝመራ ሲበላሽ ባሕሩ አለ፤ ባሕሩ ሲናወጥ ጓሮው አለ። ጥሬ ገንዘብ በማይገኝበት አገር አንድ ቤተሰብ ሳይራብ የሚከርመው በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ ነው። በመሆኑም ከሁለቱ አንዱን መንጠቅ ሁለቱንም መንጠቅ ነው። ማሳውን ያጣ አጥማጅ ወደ ውኃው መውረጃ በር የለውም፤ ውኃውን ያጣ ገበሬም በክፉ ቀን የሚደርስለት የለውም።

ከዚህ ኑሮ ጋር ቋንቋና ዕውቀትም አብሮ ቆይቷል። ሎሬንዞ ዳው ተርነር የተባሉት ጥቁር የቋንቋ ሊቅ በ1949 ባሳተሙት ጥናት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አፍሪካዊ ስሞችና ቃላት በጉላ ቋንቋ ውስጥ እንዳሉ አሳይተዋል። ከዚያ በፊት ነጮቹ ምሁራን ቋንቋውን የተበላሸ እንግሊዝኛ ይሉት ነበር። ተርነር በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሐሪስ ኔክ ከአንዲት ሴት የቀዱት መዝሙር የሴራሊዮን የሜንዴ ቋንቋ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሴትዮዋ ልጅም በ1997 ወደ ሴራሊዮን ሄዳ ያንኑ መዝሙር ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ተገናኝታለች። በሳፔሎ ደግሞ የቶማስ ስፖልዲንግ ባሮች አለቃ የነበረው፣ ከፉታ ጃሎን የተጋዘው ቢላሊ ሙሐመድ በዓረብኛ ፊደል የጻፈው የእስልምና ሕግ መጽሐፍ ዛሬ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጧል። ባሪያው ያልተማረ ነው ለሚለው ለዚያ ዘመን ወሬ ከዚህ የበለጠ መልስ የለም።

መሬቱ እንዴት ሄደ?

አትላንታን አቃጥሎ በኅዳር 1864 ወደ ባሕር የዘመተው ጄኔራል ሸርማን ሳቫና ሲደርስ ሃያ ጥቁር ቀሳውስትንና የሃይማኖት መሪዎችን ሰብስቦ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቀ። መልሳቸው አጭር ነበር፦ መሬት። ከአራት ቀን በኋላ፣ ጥር 16 ቀን 1865፣ ሸርማን ልዩ የጦር ሜዳ ትእዛዝ ቁጥር 15ን አወጣ። ከቻርለስተን ወደ ደቡብ ያሉት ደሴቶችና ከባሕሩ 48 ኪሎ ሜትር ድረስ በወንዞቹ ዳር ያሉት የተተዉ የሩዝ እርሻዎች ለነጻ ወጪዎቹ እንዲሆኑ፣ ለአንድ ቤተሰብም እስከ 16 ሄክታር እንዲሰጥ አዘዘ። እስከ ሰኔ ድረስ አርባ ሺህ ያህል ሰው በመሬቱ ሰፈረ። በዚያው ዓመት ግን ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ለቀድሞዎቹ ጌቶች ምሕረት አድርጎ መሬቱን መለሰላቸው። ይህን ጊዜ ጊቺዎች በችሮታ የተሰጠ መሬት በፊርማ እንደሚሄድ ተረዱ። ስለዚህም ሳንቲም አጠራቅመው መግዛት ጀመሩ። በ1871 ዊሊያም ሂለሪና ባልደረቦቹ በሳፔሎ ራኩን ብላፍ በሚባለው ስፍራ 400 ሄክታር፣ በእኛ አነጋገር አሥር ጋሻ ያህል፣ ገዙ።

የገዙት መሬት እንዴት ከእጃቸው ወጣ? በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛው በመንግሥት ትእዛዝ ነው። በ1942 የፌዴራሉ መንግሥት ለጦር አውሮፕላን ማረፊያ ሲል የሐሪስ ኔክን 1,087 ሄክታር ያህል መሬት ወሰደ፤ 75 ያህል ቤተሰቦች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለቀው እንዲወጡ ተደረገ። ጦርነቱ ሲያልቅ መሬቱ አልተመለሰላቸውም፤ ከ1962 ጀምሮ የአዕዋፍ መጠበቂያ ሆኗል።

ሁለተኛው በባለጸጋ ጫና ነው። የትምባሆው ባለሀብት ልጅ አር. ጄ. ሬይኖልድስ በ1934 ከሳፔሎ አብዛኛውን ገዛ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በየመንደሩ የነበሩትን ጊቺዎች በመሬት ልዋጭ ወደ አንድ ስፍራ፣ ወደ ሆግ ሃሞክ አሰባሰባቸው። በደሴቱ ላይ ዋናው ቀጣሪ እርሱ ስለነበር እምቢ ማለት ሥራን ማጣት ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላ ሚስቱ መሬቱን በ1969ና በ1976 ለጆርጂያ መንግሥት ሸጠች። በዚህም የተነሳ ከ6,600 ሄክታር በላይ ከሆነው ደሴት ለጊቺዎች የቀረው ከ175 ሄክታር ያነሰ ነው። በ1978 የደሴቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆቹ በጀልባ እየተሻገሩ ይማሩ ጀመር፤ ወጣቱም ከጀልባው ላይ ወርዶ በዚያው ቀረ። በአንድ ወቅት በመቶዎች የነበረው ነዋሪ ወደ ጥቂት ደርዘን ወረደ።

ሦስተኛውና ለእኛ ይበልጥ ሊገባን የሚገባው በሕግ ቀዳዳ የሚሄደው ነው። እርሱም የወራሾች የጋራ ንብረት የሚባለው ነገር ነው። ይህን ለአማራ አገር ሰው ለማስረዳት ረጅም ሐተታ አያስፈልግም፤ ርስት ማለት ብቻ ይበቃል። መሬቱን ያቀናው አባት ኑዛዜ ሳይጽፍ ይሞታል፤ ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ የልጅ ልጅ ልጆቹ ሁሉ ሳይከፋፈሉ በጋራ ባለመብት ይሆናሉ። ኒው ዮርክ ያለውም፣ አትላንታ ያለውም፣ ደሴቱ ላይ የቀረውም የአያቱ መሬት ባለድርሻ ነው። በርስት ሥርዓት ባዕድ ከዘር ውጭ በቀላሉ መግባት አይችልም፤ የዘር ሐረጉን የሚቆጥር ሽማግሌ አለ። በአሜሪካ ሕግ ግን አንድ ባለሀብት በሩቅ ከተማ ካለ፣ ደሴቱን አይቶት ከማያውቅ ወራሽ ላይ ትንሽ ድርሻ ከገዛ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ንብረቱ ተሸጦ ገንዘቡን እንካፈል» ሊል ይችላል። መሬቱ በሐራጅ ይወጣል፤ በሐራጁ የሚያሸንፈው ደግሞ ገንዘብ ያለው ነው። ጠመንጃ አልተተኮሰም፣ ወታደር አልመጣም፤ ነገር ግን መቶ ዓመት የተኖረበት ቤት በአንድ ቀን ሄደ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይህ ነው።

ጆርጂያ በ2012 ይህን ቀዳዳ በከፊል የሚደፍን ሕግ አውጥታለች። በሕጉ መሠረት መሬቱ በገለልተኛ ገማች ይገመታል፤ ሽያጭ የጠየቀውን ሰው ድርሻ ሌሎቹ ወራሾች ቀድመው የመግዛት መብት አላቸው፤ የግድ ይሸጥ ከተባለም በገበያ ዋጋ እንጂ በሐራጅ ውርወራ አይሆንም። በዚሁ በአትላንታ ወራሾችን በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚረዳ የሕግ ማዕከልም አለ። ይሁንና ለሆግ ሃሞክ ሌላ አደጋ መጣ። በመስከረም 2023 የማኪንቶሽ አውራጃ ሹማምንት በመንደሩ የሚሠራ ቤት ከ130 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ የሚለውን ገደብ ወደ 279 ካሬ ሜትር ከፍ አደረጉት። ነገሩ የሕንፃ ደንብ ይመስላል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። ትልልቅ የመዝናኛ ቤቶች ሲሠሩ የአካባቢው መሬት ግምት ያድጋል፤ ግምቱ ሲያድግ ግብሩ ያድጋል፤ ግብሩን መክፈል ያቃታት በአያቷ ቤት የምትኖር መበለት ትሸጣለች። ነዋሪዎቹ ፊርማ አሰባስበው ጉዳዩ በሕዝብ ድምፅ ይወሰን አሉ፤ አውራጃው ተከራከረ፤ የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመስከረም 2025 ሕዝቡ ድምፅ የመስጠት መብት እንዳለው ፈረደ። በዚህ መሐል፣ ጥቅምት 19 ቀን 2024፣ የጊቺ የባህል ቀን ሲከበር የመንግሥቱ የጀልባ ወደብ መሸጋገሪያ ተሰብሮ ሰባት ሰዎች ሞተዋል።

ወደ ጣና እንመለስ

አሁን ዓይናችንን ወደ አገራችን እንመልስ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው። ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ውኃው ጥቂት ሲወርድ ብዙ መሬት ይገለጣል፤ ገበሬውም ባሕር ሸሽ እያለ ይዘራበታል። በፎገራ ሜዳ ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ የገባው ሩዝ፣ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ተሞክሮ፣ ውኃ የሚተኛበትን መሬት የሲሳይ ምንጭ አድርጎታል። የሳፔሎ አያቶች ያወቁትን ነገር የፎገራ ገበሬ በራሱ መንገድ ደረሰበት ማለት ይቻላል።

የሐይቁ የጥንት አጥማጆች ግን ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ከደንገል ታንኳ ሠርተው ቀረሶውንና አምባዛውን ያጠምዱ፣ ጉማሬ ያድኑ፣ ወፍጮ ድንጋይ ያበጁ፣ ሰፌድና ቅርጫት ይሰፉ ነበር። ጉማሬ በላችሁ ተብለው ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ማዕድ ተገለሉ፤ ራሳቸው ሙስሊም ነን ቢሉም እንኳ አልተቆጠረላቸውም። የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው የድሮ ተጓዦች ጽፈዋል፤ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አጥኚዎች ሲደርሱ ግን የሚናገሩት አማርኛ ነበር። የጊቺን ቃላት አንድ ተርነር ደርሶ መዘገባቸው፤ ለወይጦ ቋንቋ በጊዜው የደረሰለት አልነበረም።

ከዚያም ለውጡ ተከታተለ። በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ዓሣ ለከተማ ገበያ መድረሱ መልካም ሆኖ ሳለ፣ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ወንዞች አፍ የሚሰበሰበው፣ በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኘው የነጭ ዓሣ ወገን በመረብ ተዘጋበትና በ1990ዎቹ ክፉኛ ተመናመነ። በ1996 በባሕር ዳር የጨረጨራ ግድብ ተሠርቶ የሐይቁ ከፍታ በተፈጥሮ ወቅት መመራቱ ቀረና በመብራት ፍላጎት መመራት ጀመረ። ከ2011 ወዲህ እምቦጭ ዳርቻውን ወረረው። ደንገሉ ለእርሻ ተመነጠረ። ባሕር ዳር ከተማ በሰፋች ቁጥር ወይጦው ከውኃው ጠርዝ ወደ ጥግ ተገፋ።

ለተነሺ ካሳ የለም ወይ? ሕግ አለ፤ ነገር ግን በዋናነት የሚናገረው ስለ መሬት ባለይዞታ ነው። በ1975 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ወይጦው አራሽ ሆኖ አልተቆጠረም፤ የደንገሉ ዳር፣ ታንኳ የሚወርድበት ስፍራ፣ መረብ የሚሰጣበት ሜዳ በማንም ስም አልተመዘገበም። የ2003ቱ የፌዴራል የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 ዓሣው እንዴት እንደሚጠበቅ ይደነግጋል፤ ከውኃው ጋር የኖረው ማኅበረሰብ ከዳርቻው እንዳይነቀል የሚያደርግ ርስት ግን አይሰጠውም።

ታዲያ ምን እንማር?

መሬት የግል ነው ተብሎ ጊቺው ተነቀለ፤ መሬት የመንግሥት ነው ተብሎ ወይጦው ተነቀለ። ከዚህ የምደርስበት መደምደሚያ የባለቤትነት ሥርዓት ለውጥ አያመጣም የሚል አይደለም። ያመጣል፤ ጊቺው እስከ ዛሬ በሆግ ሃሞክ የቆየው አያቱ በ1871 እና ከዚያ በኋላ ስለ ገዛ ነው፤ በሸርማን ችሮታ ብቻ ተማምኖ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ዓመት ይወጣ ነበር። ነገር ግን የባለቤትነት ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ሁለት ነገር ይጨመርበታል፦ መብቱ ሰውዬው በእውነት በሚኖርበት አኳኋን መመዝገቡና ነጠቃ ሲመጣ የሚሰማ ድምፅ መኖሩ። የጋራ ርስት በጋራ ካልተመዘገበ በአንድ ወራሽ በኩል ይፈርሳል። የውኃ ዳር መብት እንደ ማሳ ካልተቆጠረ በካርታ ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ የሆግ ሃሞክ ሰዎች በቁጥር ጥቂት ሆነው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሱት መናገር ስላላቆሙ ነው። በ2017 ያረፉት ወ/ሮ ኮርኔሊያ ዎከር ቤይሊ የደሴቱን ታሪክ በ2000 በመጽሐፍ አሳትመው፣ በመጨረሻ ዘመናቸውም ቀዩን አተር እንደገና ዘርተው ለገበያ ያቀረቡት፣ ነገሩ የትዝታ ሳይሆን የመቆየት ጉዳይ መሆኑ ገብቷቸው ነበር።

ለእኛ ለአትላንታ ነዋሪዎች ሁለት ነገር ይከተላል። በመጀመሪያ፣ የሳፔሎ አብዛኛው መሬት የጆርጂያ መንግሥት ነው፤ ያ መንግሥት የሚቀመጠው በከተማችን ነው፤ ዜግነት ወስደን የምንመርጥ ሰዎች በዚህ ጉዳይ ድምፅ አለን። በባሕሩ ዳር የመዝናኛ ቤት ለመግዛት የምናስብም ብንኖር ሻጩ ማን እንደሆነ፣ መሬቱ ከማን በምን መንገድ እንደወጣ መጠየቅ ይገባናል። ሁለተኛ፣ ስለ አገራችን የመሬት ሕግ ጥናት የምናቀርብ፣ ረቂቅ የምንጽፍ ወገኖች በየረቂቃችን ውስጥ ገበሬና ከተሜ ብቻ እንዳንጽፍ አደራ እላለሁ። ታንኳ ማውረጃው፣ ደንገሉ፣ ባሕር ሸሹ መሬት የማን እንደሆነ የሚመልስ አንቀጽ የሌለው የመሬት ሕግ፣ በየትኛውም ጎራ ይጻፍ፣ የጣናን አጥማጅ እንደገና ደጅ ያሳድረዋል።

ቸር ይግጠመን።